ግድግዳው ላይ የቀረው መንጠቆ

ሶቺል ጓሮ ካለው የእጅ መታጠቢያ አጠገብ ቆማ ክንዷን እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና እየፈተገች ነበር። የአባቷን የቀትር የፈሳሽ ከረጢት ልትቀይር ነው። እናቷ ኤርሜሊንዳ ከበሽተኛው ክፍል ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አውርዳዋለች። እዚያ በር ላይ አፍን ገልጦ መቆም ክልክል ነው፤ ሶቺል ይህንኑ ልታስታውሳት ስትል እናቷ ቀደመቻት።

«መታጠቡን ተይው ልጄ።»

ሶቺል ግን አልተወችውም። የሆስፒታሉ ነርስ እንዳስተማረቻት በየጣቶቿ መሃል ፈትጋ ጨረሰች፣ ተለቃለቀች፣ ክንዶቿን ወደ ላይ ይዛ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ጠበቀች። ከዚያ ገብታ የአባቷን ዓይኖች ከደነች።

አባቷ ፋውስቲኖ ከልጅነቱ ጀምሮ አገዳ ቆራጭ ነበር። ከመንደሩ በላይ ካለው እሳተ ገሞራ ግርጌ እስከ ባሕሩ ድረስ አገዳ እንጂ ሌላ አይታይም፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ የሚያድረውም በእሱ ነው። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሐሩር ሲቆርጡ የሚውሉት ሰዎች ገና ሳያረጁ ኩላሊታቸው ይደክማል። ሐኪሞቹ ለበሽታው ረጅም ስም አላቸው። መንደርተኛው ግን በደም ምርመራው ስም ክሬያቲኒን ይለዋል። «እገሌን ክሬያቲኒን ያዘው» ይባላል፣ ጉንፋን ያዘው እንደሚባለው። ወንዶቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ «ስንት ላይ ደረስክ?» ይባባላሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ፋውስቲኖም ቁጥሩ ባሻቀበ ቁጥር፣ የመንደራችን የቤዝቦል ቡድን እንደ እኔ ቢያስቆጥር ኖሮ ዋንጫው የት ይቀርብን ነበር እያለ ይቀልድ ነበር።

ኩላሊቱ ጨርሶ እምቢ ሲል ሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበቱን ቤቱ እንዲያደርግ ፈቀደለት፤ በሆዱ በገባች ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ማስገባትና መልሶ ማስወጣት ነው። ግን ንጹሕ ክፍል ይኑራችሁ አሏቸው። አሳማዋን ሸጠው አንዷን ክፍል ሲሚንቶ አስደረጉ፣ ጣሪያዋን አለበሱ፣ በሯ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ አስተከሉ፣ ግድግዳዋ ላይ ከረጢቱ የሚሰቀልበትን መንጠቆ መቱ። የቀረው ቤት ወለሉ አፈር ነው።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይሠልጥን ሲባል ማን የሚለው ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። ኤርሜሊንዳ ማንበብ አትችልም፤ ደግሞም በዘር ወቅት አገዳ ተከላ ትውላለች። ያደር የሚባለው የሶቺል ታላቅ ወንድም አገዳ ይቆርጣል። ሶቺል ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ የአንድ ዓመት ትምህርት ቀርቷት ነበር። እናቷ፣ ያንቺ እጅ ረጋ ያለ ነው አለቻት፤ በዚሁ አለቀ። ጧት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ደግሞም ከመተኛት በፊት ከረጢት ይቀየራል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከቀትሩ ከረጢት ጋር አይስማማም። መምህርቷ ወይዘሮ ኖርማ ቤት ድረስ መጥታ፣ ስትመለሺ ቦታሽ ይጠብቅሻል ብላት ሄደች።

ፋውስቲኖ ልጁ መንጠቆው ላይ ከረጢቱን ስትሰቅል ባየ ቁጥር «ዶክተሬ መጣች» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ፣ የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ሳያልፍብሽ ቶሎ ልሂድልሽ እንዴ ይላታል። ትቆጣዋለች። ይስቃል። የምትቆጣው እሷም በልቧ አንዳንድ ቀን ይህንኑ ስለምታስብ እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የሞተው ምዝገባው ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

ለሟች የሚጸለየው የዘጠኝ ቀን ጸሎት እንደ ወጉ ተደረገ። ሴቶቹ እቤት በተሠራው፣ በወረቀት አበባ ባጌጠው መሠዊያ ፊት መቁጠሪያቸውን ይዘው ጸለዩ፣ ወንዶቹ ውጭ ካርታ ተጫወቱ። መሠዊያው በሚነሳበት በመጨረሻው ምሽት ኤርሜሊንዳ የአሳማ ሥጋ ያለበት፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ናካታማል የሚሉትን፣ ለመጣው ሁሉ አደለች። ያን ምሽት ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። ለጎረቤቶቹም፣ ነገ የሶቺልን አልጋ ወደ አባቷ ክፍል እናስገባለን፣ በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ እናደርግላታለን፣ ትማራለች አለቻቸው።

ያደር ጥግ ላይ ተቀምጦ ሥጋውን እየለቀመ ለውሻው ይሰጣል። በላይ በላዩ ውሃ ይጠጣል፤ ማሰሮው አጠገቡ ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቻያ አየችው።

«ያደር፣ ሐዘን እንዲህ ያስጠማል እንዴ? ኧረ ጉድጓዱን እንዳታደርቅብን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያደርም ሳቀ። ሶቺል አልሳቀችም። ሥጋ ትቶ ውሃ የሚጠጣ ቆራጭ ምን እያደረገ እንደሆነ ታውቃለች። የስኳር ፋብሪካው ከቆረጣው በፊትና በቆረጣው መሃል የሠራተኞቹን ደም ይመረምራል፤ ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ያሰናብታል። ስለዚህ የፈራ ሰው ምርመራው ሲቃረብ ሥጋ ይተዋል፣ ሆዱ እስኪነፋ ውሃ ይጠጣል። ደም ማጠብ ይሉታል። ውሃው ቁጥሩን ለአንድ ቀን ዝቅ ያደርግ ይሆናል እንጂ በሽታውን አይነካውም። አባቷም ስንት ዓመት እንዲህ አጥቦ አልፏል።

በማግሥቱ ጧት ሶቺል መንጠቆውን ልትነቅል ጉጠት ይዛ ገባች። ያደር በሩ ላይ ቆመ። እጁን ስላልታጠበ ደፉን አላለፈም፤ ልማድ ነው።

«እሱን ተይው» አላት።

«ስንት ላይ ነህ?»

ወደ ጓሮው ዞር ብሎ አየ።

«ስንት ላይ ነህ አልኩህ እኮ።»

ነገራት። አባታቸው ከሥራ ተሰናብቶ ቤት መዋል ሲጀምር የነበረበት ቁጥር ነው። እናታቸው አታውቅም። በዚህ ሳምንት ምርመራ አለ፤ ካለፈ ቆረጣው እስኪያልቅ ይሠራል። ሶቺል ዛሬውኑ እንዲተወው ለመነችው፤ ከፀሐዩ ቢወጣ ቁጥሩ ባለበት ሊቆይ እንደሚችል ነርሷ የነገረቻትን ነገረችው። ሰማት። ከዚያ፣ ተቀምጬ ማን ያብላችሁ፣ አንቺንስ ማን ያስተምርሽ አላት።

ጉጠቱን አስቀመጠች።

«ና» አለችው። «ያ ቀን ሲመጣ የራስህን ከረጢት ራስህ ትቀይራለህ። እኔ አሳይሃለሁ።»

መታጠቢያው ጋ ወስዳ ውሃውን ከፈተችለት። በየጣቶቹ መሃል ፈተገችለት፣ መልሶ እንዲፈትግም አደረገችው። የአገዳው ቅጠል መዳፉን ተልትሎታል፤ ከመቆረጡ በፊት የሚቃጠለው አገዳ ጥቀርሻ በየስንጥቁ ገብቶ ጠቁሯል። አንዴ ታጠበ፤ ደገመ። ሳሙናው ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ስንጥቁ ግን ጥቁር ነው። ነርሷ ቆዳው የተሰነጠቀ ሰው ቱቦውን እንዳይነካ ብላ ነበር።

ያደር መዳፉን ገልብጦ ለእህቱ አሳያት።

«አየሽ ዶክተሬ» አለ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ሰው አልነበረም።

ኤርሜሊንዳ ከወጥ ቤት ተጣርታ አልጋውን መቼ እንደሚያስገቡት ጠየቀች። ሶቺል ቆይ እማዬ አለቻት።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሶቺል አልተመዘገበችም። የያደር ቁጥር ለእናቷ እስካሁን አልተነገራትም። አልጋው ባለበት ነው፤ መንጠቆውም አልተነቀለም።