ብርድ እወዳለሁ ያለችው ሴትዮ

ፀጉር ቤት አጠገቤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠችውን ሴትዮ አላውቃትም። የካስኩ ድምፅ ጆሮዋን ስለደፈነው ለራሷ የምታወራ መስሏት ትጮሃለች። ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባለች። ጣቷን በምላሷ እያረጠበች ስልኳ ላይ «የትኛው አገር ይስማማዎታል?» የሚለውን ጨዋታ ትጫወታለች፤ ጥያቄዎቹን ስትመልሺ አገር ይመርጥልሻል። እኔም ትናንት ሞክሬዋለሁ።

«ብርድ ይወዳሉ?» ብላ አነበበች። «በጣም!»

ፀጉር ሠሪዋ ሳቋ አመለጣት። «እትዬ፣ አሁን በሩን ዝጉልኝ ሲሉ አልነበር እንዴ?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ! ቅድም እውነቱን ብነግረው ሌላ አገር ሰጠኝ።»

ጨረሰችና ስልኩን ወደ እኛ አዞረችው። «ይኸው! ልጄ ያለችበት!» ፊቷ ቪዛ የተመታላት ሰው ይመስላል። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል።

ቅናት አንገበገበኝ። ለሐሰት አገር እንዲህ ይኮናል?

«አንቺስ የት ደረሰሽ?» አለችኝ።

ፊቴ ሳይፈታ ነገርኳት። ባሕር ያለው ጥሩ አገር ነው።

«ካልወደድሽው ዋሽተሽ ድገሚው እንጂ፣ የኔ እናት!»

ምን ብዬ ልዋሽ? የትም አገር የሚጠብቀኝ ሰው የለ።