ሦስት ምድጃ ያለው ቤት

ቤቱን የገዛነው ለባለቤቴ ጋራዥ፣ ለእኔ ደግሞ ጓሮ ስላለው ነው። ግድግዳው ውስጥ የተሠሩትን የቤት ማሞቂያ ምድጃዎች አይተናቸው ነበር፤ ግን ሰው ቤት ሊገዛ ሲሄድ የሚያየው ጣሪያውን፣ የውሃ ቧንቧውንና ጎረቤቱን ነው። ቤክስሊ የሚባለውን ሰፈር አለፍ ብሎ ያለ የጡብ ቤት ነው። ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው ይላሉ። አንዱ ምድጃ ሳሎን፣ አንዱ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ትንሹ ደግሞ ፎቅ ላይ ልጄ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ሦስቱም ውስጣቸው ጥቀርሻ፣ ላያቸው ነጭ ቀለም ነበር።

ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ የማላውቀውን ነገር በእጄ ካልነካሁት አይገባኝም። ዕቃችንን ሳንፈታ የሳሎኑ ምድጃ ውስጥ ጭንቅላቴን አስገብቼ ወደ ላይ አየሁ። ጨለማ ነው። ጥቀርሻ ፊቴ ላይ ወረደ። አንድ ቤተሰብ ሦስት ምድጃ ምን ያደርግለታል? እኛ ዘንድ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ነው የሚሠራው፤ ጭስና እንግዳ አንድ ላይ አይቀመጡም። እነዚህ ሰዎች ግን እሳቱን መኝታ ቤታቸው ድረስ ይዘውት ወጥተዋል።

እሳት ያለበት ክፍል ውስጥ መተኛት ያስፈራኛል። ልጅ ሆኜ በግቢያችን የምትኖር አንዲት ሴት ክረምት ላይ ብርድ ቢበዛባት የከሰል ማንደጃውን ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ተኛች። ጠዋት አልተነሣችም። ከዚያ በኋላ እናቴ ከሰሉን ደጅ አውጥታ ውሃ ሳታፈስበት አትተኛም ነበር። ሌላው የምፈራው ነገር ነፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ከከፈተ ተሳፋሪው ሁሉ የሚጮህበት ከተማ ውስጥ ነው ያደግሁት። ጭስን ስፈራ ክፈቱ እላለሁ፣ ነፋስን ስፈራ ዝጉ እላለሁ። ሁለቱ ፍርሃቶች እርስ በርሳቸው ተጋጭተው አያውቁም ነበር፤ እዚህ ቤት እስክንገባ ድረስ።

የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ከልጄ ክፍል ምድጃ ቀዝቃዛ ነፋስ መውረድ ጀመረ። ልጄ አስም አለባት። እጄን ምድጃው አፍ ላይ ሳደርገው ማቀዝቀዣ የከፈትኩ ይመስለኛል። ለባለቤቴ ብነግረው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፤ «አንቺ እኮ ነፋስን በዋስ ነው የምትለቂው» ይለኛል ሁልጊዜ። አንድ ቀን እሱ ግሮቭፖርት ባለው የመጋዘን ሥራው ላይ፣ ልጄም ትምህርት ቤት እያሉ፣ አበባ ያለበትን አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ጭስ መውጫው ወተፍኩት። እንዳይወድቅ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋሁ አሳርጌ አጠበቅሁት። ነፋሱ ቀጥ አለ። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር ኮርቼም ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቤቱን ለማደስ ተነሣን። ባለቤቴ የሳሎኑን ምድጃ አፍርሶ ቲቪ ሊሰቅልበት አሰበ። እኔ ደግሞ የልጄን ክፍል ምድጃ በጡብ ማስደፈን ፈለግሁ። እዚህ ከተማ ብዙ ዓመት የቆዩ፣ የስንቱን ሐበሻ ቤት ያደሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸውን ጠራናቸው።

ጋሼ የሳሎኑ ምድጃ ፊት ተንበርክከው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄንን ነው የምታፈርሱት?»

«ምን ያደርግልናል ጋሼ? ቲቪ ልንሰቅል ነው» አለ ባለቤቴ።

«ቲቪ እኮ ሌላ ግድግዳ ላይም ይሰቀላል፤ ሞክሮት የሞተ የለም።»

ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡና አንዱን ጥግ በእርጥብ ጨርቅ እያራሱ ቀስ ብለው ፋቁት። ከነጩ ሥር ክሬም ቀለም፣ ከክሬሙ ሥር ሮዝ፣ ከሮዙ ሥር ደግሞ እንደ ጠርሙስ የሚያበራ አረንጓዴ ሴራሚክ ወጣ።

«ሮዝ የቀባችው ማን ትሆን?» አልኩ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ ጋሼ። «አንቺ ግን በደረቁ እንዳትፈቀፍቂው። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚሉት መርዝ አለበት፣ አቧራው ለልጅ መጥፎ ነው። የሚቀባ የቀለም ማላቀቂያ አመጣልሻለሁ፣ ጓንት አድርገሽ ትሠሪያለሽ።»

ስለ ፎቁ ምድጃ ስነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከመድፈንሽ በፊት ጭስ ማውጫ የሚመረምር ሰው ይየው። ከውስጡ ምን እንዳለ ሳያዩ መድፈን የሚያስለውን ሰው አፍ እንደ መያዝ ነው።»

ያኔ ስለ ብርድ ልብሱ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል። «መርማሪ እንጠራለን» አልኳቸው ብቻ።

መርማሪው ሰው እስኪመጣ ድረስ ሴራሚኩን ተያያዝኩት። ማላቀቂያውን ቀብቼ፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ በማግስቱ የላላውን ቀለም በእንጨት ማንኪያ አነሣዋለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ «ዛሬስ ስንት ተገላገልሽ?» ይለኛል። በእያንዳንዱ ሴራሚክ ላይ የቅጠል ሐረግ አለ። በስተግራ ከታች ሦስተኛው ላይ ቅጠሉ ተዘቅዝቋል። ያን ባየሁ ቀን ሥራዬን ትቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የገጠመው ሰው ደክሞት ነው? አዲስ ሠራተኛ ነበር? ወይስ በአለቃው ተናዶ? ቀለም እየደራረቡ ያለፉት ሁሉ አይተውት ይሆን? ልጄን ጠርቼ ሳሳያት «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ታይል፣ ሴራሚክ እኮ ነው» ብላኝ ሄደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ስልኳን ይዛ ተመልሳ ፎቶ አነሣችው።

መርማሪው ቅዳሜ መጣ። ጢማም፣ ጫማው ላይ ፕላስቲክ ሳያጠልቅ ምንጣፍ የማይረግጥ ጥንቁቅ ሰው ነው። የሳሎኑንና የምግብ ቤቱን አይቶ ፎቅ ወጣ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄም ተከተልነው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ካሜራ ነበረው፤ ምስሉ በትንሽ ስክሪን ይታያል። ዘንጉን ወደ ላይ ሰደደ። መጀመሪያ ጡብ ታየ፣ ከዚያ ጥቀርሻ፣ ከዚያ ደግሞ አበባ።

ባለቤቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «ይሄ... ይሄ የእኛ ብርድ ልብስ አይደለም እንዴ? ጠፋ ያልሽው?»

ልጄ ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር። ሰውየው ግን አልሳቀም። ዘንጉን አስቀምጦ ከቤቱ ሥር፣ ቤዝመንት ያለውን ሁሉ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረና ተከታትለን ወረድን። ከውሃ ማሞቂያው የሚነሣውን ቱቦ በጣቱ እየተከተለ እስከ ግድግዳው ሄደ። ከዚያ ለልጄ ቀስ ብሎ አስረዳት። ስታዳምጥ ፊቷ ተለወጠ።

«ማሚ፣ ማሞቂያው ጋዝ ነው የሚያቃጥለው። ጭሱ የሚወጣው በዚህ ነው፣ በእኔ ክፍል በኩል በሚያልፈው ጭስ መውጫ። ድሮ እንደዚህ ያገናኙ ነበር፣ አሁን አይፈቀድም እያለ ነው። አንቺ የደፈንሽው... ሴም ነው። አንድ ናቸው።»

ፎቅ ተመልሶ ብርድ ልብሱን በጓንት ጎትቶ አወጣው። አንዱ ወገኑ ጠቁሮ ረጥቧል። አንደኛው ጫፉ ተላቆ ስለተንጠለጠለ ጡጫ የሚያህል መተላለፊያ ቀርቶ ነበር። ሰውየው ጡጫውን አሳየንና ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ቢሆን ብሎ ጀመረ። ልጄ ያን አልተረጎመችልኝም። የግቢያችንን ሴት ሞት የማውቅ ሰው ነኝ፤ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሳሎን የሰቀልነው አላርም የእሳት ጭስ እንጂ ይሄንን ሽታ የሌለው ጋዝ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ክረምት ልጄ አንዳንድ ጠዋት ራሴን አመመኝ ትል ነበር። ስልክሽን አስቀምጪ እላታለሁ። «ጠይቂልኝ» አልኳት፤ «ራስ ምታቱ ከዚህ ሊሆን ይችላል ወይ በይው።» ጠየቀችው። ሐኪም እንዳልሆነ፣ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል ነገራት። ሰኞ ዕለት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ አሁን ደህና ናት፣ ያለፈውን ግን ማወቅ አይቻልም አሉኝ። እስከ ዛሬም አላወቅሁትም።

ሰውየው ሲሄድ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ ነዋ።»

«እስቅ ነበር» አለ። «ከሳቅሁ በኋላ ግን አወጣው ነበር።»

የፎቁን ምድጃ ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ለእኔ ተተወ። መርማሪው ማሞቂያው የራሱ የብረት ቱቦ ሊገባለት፣ የምድጃው አፍም በብረት ክዳን ሊታሸግ ይገባል ብሏል። የቀረው የምድጃው ፊት ነው፤ አበባ የተቀረጸበት፣ ነጭ ቀለሙ የተነሣለት ጥቁር ብረትና ጠባቧ የእንጨት መደርደሪያ። ሊወጣም ሊቆይም ይችላል። እኔ ዓይኔ እንዳያየው ፈለግሁ። «ጋሼ፣ ያውጡልኝ፤ ግድግዳው ልሙጥ ይሁን» አልኳቸው።

ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «ለምን? ኢት ዲድንት ዱ ኤኒቲንግ» አለች። «ምን አደረገሽ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠበቃ ቆሞለታል፤ እንግዲህ ፍረጂ።»

እጄን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ምድጃው ምንም አላደረገኝም። «ይቆይ» አልኩ። «ግን ቀለም እንዳይቀባ።» ለምን እንዳልኩ እንጃ፤ እንደገና ተሸፍኖ ማየት አልፈለግሁም መሰለኝ። የሳሎኑም ሳይፈርስ ቀረ፤ ባለቤቴ ቲቪውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰቅሎ ቀን ቀን ብርሃኑ አላሳይ አለኝ እያለ ያማርራል። የምግብ ቤቱን ግን ገና አልነካሁትም። ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ማየት አምሮኛል።

ቱቦው የገባ ቀን መርማሪው ክዳኑን አሽጎ፣ በየፎቁ አዲስ አላርም ሰቅሎ ቤዝመንት ጠራን። ማሞቂያውን አስነሥቶ ትንሽ ከጠበቀ በኋላ ቱቦው ጭስ እየሳበ መሆኑን ለማየት ቀጭን የምትጨስ እንጨት ለኩሶ ከቱቦው ሥር ያዛት። ጭሱ ጥቂት ተወዛወዘ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ቱቦው ገባ።

«ዋንስ ሞር» አልኩት፣ በራሴ እንግሊዝኛ።

ደገመው።

«ዋንስ ሞር።»

«ማሚ፣ ሰውየው መሄድ ይፈልጋል!»

ሰውየው ግን እንጨቷን ለእኔ ሰጠኝና ወደ ጎን ቆመ። በግራ በኩል ያዝኳት፤ ጭሱ ወደ ቀኝ ታጥፎ ገባ። በቀኝ በኩል ያዝኳት፤ ወደ ግራ ታጥፎ ገባ። ልጄ መበሳጨቷን ትታ አጠገቤ መጣች። «ራቅ አድርጊያት እስቲ» አለችኝ። ከየት ጀምሮ እንደሚስበው ለማየት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ።