ድንጋይ የሌለበት ግቢ

ልጄ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ ቤቴን ከፍቼ ከመውጣቴ በፊት በበሩ ቀዳዳ ወደ ውጭ አይ ነበር። የማየው ሰው እንዳለ አልነበረም። ውሻ እንዳለ ነበር።

አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበልን በዓመቱ ነው። ሌዊስቪል በምትባል የቴክሳስ ከተማ ውስጥ፣ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ባለቤቴ ከንጋት ጀምሮ ታክሲ ይነዳል፤ እሱ ማታ ሲመለስ እኔ ወደ መጋዘን የሌሊት ሥራዬ እወጣለሁ። ጠዋት ልጃችንን ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ማድረስና ከሰዓት መቀበል የእኔ ድርሻ ነበር። ከበራችን እስከ ግቢው መግቢያ ሦስት ደቂቃ አያስኬድም። እኔ ግን ለሦስት ደቂቃ መንገድ ግማሽ ሰዓት እዘጋጅ ነበር።

የግቢውን ውሾች በየሰዓታቸው አውቃቸዋለሁ። አጭሩ ጥቁር ውሻ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ይገባል። ሁለቱ ነጫጭ ከአንድ ተኩል በኋላ በመዋኛው በኩል ይመጣሉ። በመካከል ያለችው ክፍተት የእኛ ነበረች። አማትቤ በሩን እከፍታለሁ፣ የልጄን እጅ እይዛለሁ፣ እንወርዳለን።

ስለ ውሻ ለልጄ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ዝም ካልኩ ፍርሃቴ ከእኔ ጋር የሚቀር መስሎኝ ነበር። ውሻ ባየሁ ቁጥር ግን ትንሿን እጇን ጭምቅ አደርጋት ነበር። ይህን እንኳ ያወቅሁት በኋላ ነው። አፌ ዝም ሲል እጄ ያስተምራት ነበር።

እኔን የነከሰኝ አዲስ አበባ ነው፤ የልጄን ዕድሜ ሳክል። ከእናቴ ጋር ለኪዳን ጸሎት ስንሄድ፣ ገና ሳይነጋ፣ አንድ ውሻ ከአጥር ሥር ወጥቶ ባቴን ያዘኝ። እብድ ይሁን ጤነኛ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ። ንክሻውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት፣ ጠዋት ጠዋት ቀሚሴን እስከ ደረቴ የሚሰበስበውን የነርሷን ቀዝቃዛ እጅ ነው።

እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አስተማረችኝ። “አትሩጪ። ጎንበስ በይ። ድንጋይ ባይኖርም ያነሳሽ ምሰዪ።” እውነቷን ነበር። የሰፈራችን ውሻ ሁሉ ጎንበስ ያለ ሰው ሲያይ ጅራቱን ቆልፎ ይሸሻል። ካደግኩም በኋላ ያችን ትምህርት ይዤ ነው የወጣሁት፣ የገባሁት፣ ባሕር የተሻገርኩት።

በጥቅምት ገደማ ከበታቻችን ባለው ቤት አንዲት አሜሪካዊት እናት ገቡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ጥጃ የሚያህል ቢጫ ውሻ ገባ። ይህ ውሻ ሰዓት አልነበረውም። የባለቤቱ ጉልበት ሲሻላቸው ይወጣል፤ ሲብስባቸው ይቀራል። ያቺ የእኛ ክፍተት ጠፋች።

መጀመሪያ የተገናኘነው የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ነው። ብቻዬን ነበርኩ። ጎረቤቴ ገመዱን ፈተውለት ውሻው ሣሩ ላይ ሲሮጥ አየኝና ወደ እኔ ዞረ። አልሮጥኩም። ጎንበስ አልኩ። እጄ ድንጋይ ፈለገ፤ የዚያ ግቢ ሣር የተከረከመ፣ አስፋልቱ የተጠረገ ነው። ጠጠር እንኳ አልነበረም። ባዶ እጄን ጨብጬ ቀና ስል ውሻው ጭራሽ ፍጥነት ጨምሮ መጣ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ደረቱን መሬት አስነክቶ ጅራቱን ያወዛውዝ ጀመር። ከዚያ ተመልሶ ሮጦ፣ ከሣሩ ውስጥ የታኘከ ኳስ አንሥቶ አመጣና ጫማዬ ላይ ጣለው።

ጩኸቴን የሰማ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ።

“ወዶሽ ነው! ጎንበስ ስትዪ ኳስ የምትወረውሪለት መስሎታል” አሉኝ ጎረቤቴ እየሳቁ። “ጎንበስ ያለ ሰው ካየ ሥጋውንም ጥሎ ይመጣል።”

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሹካውን አስቀምጦ ሳቀ።

“ድንጋይ ፍለጋ ወርደሽ ኳስ ይዘሽ መጣሽ በይኛ!”

“ሳቅ። አንተን ነክሶህ ቢሆን...”

“እኔን ቢነክሰኝ የሚታመመው ውሻው ነው።”

ልጄም ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። እንዲህ ነበር፤ እስከ ኅዳር ድረስ ቀልድ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን እየጠበቅሁ ቆሜያለሁ። አውቶቡሱ ቆመ፤ ልጆቹ ወረዱ፤ ልጄ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ወረደች። በዚያው ቅጽበት ጎረቤቴ ውሻቸውን በገመድ ይዘው በሕንፃው ጥግ ብቅ አሉ። ውሻው በእኔና በልጄ መካከል ሆነ።

ልጄ አየችው። ዞራ ሮጠች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መኪና ማቆሚያው። አንድ መኪና ከቆመበት ወደ ኋላ እየወጣ ነበር።

“ማሚ!” አለች።

የፍሬኑን ድምፅ ሰማሁ። ቦርሳዋ መሬት ላይ ሲወድቅ አየሁ። ሾፌሩ ወርዶ ራሱን ይዞ ቆመ። እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። ውሻው ታስሯል፤ ገመዱ ጎረቤቴ እጅ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል፤ ይህን ሁሉ አያለሁ። ግን አልሄድኩም። ገመዱን የመብራት ምሰሶ ላይ አስረው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት እያነከሱ ሄደው ልጄን ያነሷት ጎረቤቴ ናቸው።

መኪናው ቦርሳዋን ብቻ ነክቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንዲት ጭረት አልነበረባትም።

ማታ ስታስተኛኝ ልበል ሳስተኛት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠየቀችኝ። አማርኛዋ የዚህ አገር ልጆች አማርኛ ነው።

“ማሚ፣ እኔ ኮል አደረግኩሽ። ለምን አልመጣሽም?”

ብርድ ልብሷን አስተካከልኩ።

“ኦኬ ነው” አለች። “እኔም እንዳንቺ ስኬርድ ነኝ።”

እንደ እኔ እንደምትፈራ ስትነግረኝ እኔን ያጽናናች መስሏት ነው። እኔ ግን የሆዴን መርፌ ሁሉ እንደገና የተወጋሁ ያህል ነበር።

በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ።

“አባቴ፣ ይፍቱኝ።”

“እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ?”

ነገርኳቸው። ልጄ ስትጠራኝ እንዳልሄድኩም ነገርኳቸው።

“መፍራት ኃጢአት አይደለም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጊንጥ እፈራለሁ። ጫማዬን ሦስት ጊዜ ሳላራግፍ አላጠልቅም።”

“ታዲያ ምን ይሻለኛል?”

“ጸልዪ። ከጸለይሽ በኋላ ደግሞ በሩን አንኳኪ።”

“የማንን በር?”

“የሴትዮዋን ነዋ! መልአክ መጥቶ እንዲያንኳኳልሽ ትጠብቂያለሽ?”

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ አፈርኩ። “ውሻው ቢልሰኝስ አባቴ? እሑድ ቤተ ክርስቲያን...”

ሳቃቸውን ሰማሁ። “እሱን ይዘሽ አትምጪ እንጂ፣ እጅሽን ታጥበሽ ነይ።”

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ጎረቤት ጋ ባዶ እጅ አይኬድምና ዳቦ ጋገርኩ። ወርጄ ሳንኳኳ ውሻው ከውስጥ ጮኸ፤ ዳቦውን ጥዬው ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ጎረቤቴ በሩን ገርበብ አድርገው በጉልበታቸው ውሻውን ወደ ውስጥ ገፉት። በዚያች እንግሊዝኛዬ፣ “ውሻ እፈራለሁ። ልጄ ከእኔ ተማረች። እባክዎ ይርዱኝ” አልኳቸው።

አልሳቁም። ዳቦውን ተቀብለው አሸተቱት።

“እኔ ሃይዌይ ላይ መንዳት እፈራለሁ” አሉ። “ባሌ ከሞተ ወዲህ ፎርት ዎርዝ ያለችውን እኅቴን አላየኋትም። ነገ አራት ሰዓት ላይ ነይ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ የተረፈውን እንቅልፌን ትቼ እወርድ ነበር። መጀመሪያ እኔ ከመስታወት በሩ ውጭ፣ ውሻው ከውስጥ። ደቂቃ መቁጠር አልቻልኩም፤ ደቂቃው አያልቅም። ስለዚህ በማውቀው ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ ኪርያላይሶን እስክል እቆማለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ አንድ ስንዝር ተከፈተ፤ የአፍንጫው ትንፋሽ ወደ ውጭ ሲወጣ አየሁት። ሃያ አራት አልኩ። ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ለገና አርባ አንድ ደረስኩ፤ መስታወቱ ሙሉ ተከፍቶ፣ ጎረቤቴ አንገቱን ይዘውት። አልነካሁትም። መንካት የሚባለው ነገር ለእኔ ሌላ አገር ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት ልጄን ከአውቶቡስ የሚቀበላት ባለቤቴ ነበር፤ ሥራውን አቋርጦ እየመጣ። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችንን በታክሲው ፎርት ዎርዝ አድርሶ መለሳቸው።

ከገና በኋላ፣ “ነገ እኔ እቀበላታለሁ” አልኩት።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አይደለሁም።”

ነፋስ ያለበት ቀን ነበር። አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ቆመ። ልጄ በቀይ ጃኬቷ ሦስተኛ ሆና ወረደች። ጎረቤቴ ሣሩ ማዶ፣ ውሻውን ይዘው ቆመዋል፤ ርቀው እንዲቆሙ ተነጋግረን ነበር። ነፋሱ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አነሳና በሣሩ ላይ ነዳው። ውሻው ተስፈነጠረ። ገመዱ ከጎረቤቴ እጅ አመለጠ።

ከረጢቱ የሄደው ወደ አውቶቡሱ ነው። ውሻውም።

ልጄ አየችው። ትከሻዋ ሲዞር አየሁ፤ ያንን መዞር አውቀዋለሁ። ከኋላዋ ዕቃ ያደረሰ የጭነት መኪና ከግቢው እየወጣ ነው። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል እርቃት ነበር። ብሮጥ አልደርስባትም፤ ብሮጥ ውሻውም ይበልጥ ይሮጣል። “አትሩጪ” ልል አፌ ደረቀ።

ጎንበስ አልኩ።

መዳፌን አስፋልቱ ላይ አሳረፍኩ። እናቴ እንዳስተማረችኝ አድርጌ ነው ጎንበስ ያልኩት። እናቴ ያስተማረችኝ ግን ውሻን ለማባረር ነበር።

“ና!” አልኩ በአማርኛ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። “ና! ወደ እኔ ና!”

ጆሮው ቆመ። ከረጢቱን ተወው። ልጄን ተዋት። ዞረ።

ሲመጣ አየሁት። ዓይኔን ልጨፍን ፈለግኩ፤ ከጨፈንኩ እንደምሮጥ አውቃለሁ። ኪርያላይሶን አልኩ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ደረቱ ትከሻዬን መታኝ፤ በጉልበቴ ወደቅሁ። ትኩስ ምላሱ ጉንጬን ከታች እስከ ላይ አበሰው። ሁለት እጄን አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ውስጥ ከተትኩና ያዝኩ። ፀጉሩ ለስላሳ ነበር። ይህን አልጠበቅሁም።

የጭነት መኪናው ከልጄ ጀርባ አልፎ ወጣ። ልጄ የመንገዱ ጠርዝ ላይ እንደቆመች ነበረች።

ቀስ ብላ መጣች። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

“ማሚ፣ ሱሪሽ ተቀዷል።”

“አዎ።”

“ስኬርድ ነሽ?”

“በጣም።”

“ኤንድ ያዝሽው?”

“ይዤዋለሁ። አንቺ እለፊ።”

በሣሩ በኩል አለፈች። ካለፈች በኋላ ተመልሳ፣ ቦርሳዋን በመካከላችን አድርጋ፣ ከኋላዬ ቆመች። ጎረቤቴ እያነከሱ ሲደርሱ እያለቀሱ ነበር። ውሻውን ስመልስላቸው ጣቶቼ አልዘረጋ ስላሉኝ አንድ በአንድ ፈለቀቁልኝ።

ቤት ገብቼ እጄንና ፊቴን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ባለቤቴ የታክሲውን ቁልፍ እያስቀመጠ ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን ሱሪዬን አየ።

“ምነው፣ ዛሬም ኳስ ነው?”

“ኖ፣ ዳዲ” አለች ልጄ ቀድማኝ። “ማሚ ውሻውን ኮል አደረገችው። ሶ ወደ እሷ ሄደ። እኔ ጋ አልመጣም።”

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። አልሳቀም።

ውሻ ዛሬም እፈራለሁ። ያን ማታ ተመስገን ብዬ የሥራ ልብሴን ለበስኩ። ልጄ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። እንዳልጨምቃት ተጠንቅቄ ያዝኳት። ከዚያ በበሩ ቀዳዳ ሳላይ ከፍቼ ወጣሁ።