በቢጫው ማዘጋጃ ቤት ቆመን

ከአገሬ የወጣሁ ሌሊት ማንም አልሸኘኝም። ሄግ ካለው ሰፈራችን ከላክ የወጣሁ ዕለት ግን እመቤት እስከ ታችኛው በር ወርዳ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና «ጋሼ፣ አደራ፤ እሺ ሳያሰኟቸው እንዳይመለሱ» አለችኝ። እንግዲህ አገር ቤት ያላችሁም፣ እዚህ ሆላንድ አብራችሁኝ በብርድ የምትንገላቱም ስሙኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ውቅያኖስ ተሻግሬ ሽማግሌ ሆኜ ተላክሁ።

የእመቤት ልጅ ዮናስ የክርስትና ልጄ ነው። ናታሊ የምትባል፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችው የኩራሳው ደሴት ልጅ ወደደና ሳይጋቡ አንድ ቤት ገቡ። አባቷ ይህን ከሰማ ወዲህ አያናግራትም። እሷም አባቴ ካልመረቀኝ አላገባም ብላ ቁጭ አለች። ዮናስ «ደውለህ ጠይቀው፣ በቃ» ይለኛል፤ እዚህ ያደገ ልጅ ስለሆነ እኔንም አንተ ነው የሚለኝ። ልጅ በስልክ ይለመናል እንዴ? ሮተርዳም ወደብ መጋዘን የሚሠራውን ታደሰን ፈረቃውን አስቀይሬ ይዤው ተነሣሁ።

የኩራሳው ዋና ከተማ ዊለምስታድ ስንደርስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሙቀቱ የድሬዳዋ ነው፤ ነፋሱ ግን ከባሕር እየመጣ ያባብላል። ቤቱ ሁሉ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ ነው። የናታሊ አባት ሰው የሚያጋባበት ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ደቾች በቅኝ ግዛት ዘመን ያሠሩት ነው፤ ግድግዳው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ጠርዙ ነጭ፣ መስኮቶቹ አረንጓዴ። ሄግ ያለው ማዘጋጃ ቤት፣ ሔሜንተ የምንለው፣ ገና በሩን ሳልፍ ጥፋተኛ ጥፋተኛ ይለኛል። እዚያ ግን ሠርግ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ዘበኛው ወንበር አቀረበልን። አመስግነን ቆምን። ሌላ ወንበር አመጣ፣ ትራስ ያለው። አሁንም ቆምን። በዚያ ሙቀት በኮት ላይ ነጠላ ደርበን ላባችን ይንጠባጠባል። ማራገቢያውን ወደኛ አዞረና «ተቃውሞ ነው?» አለ።

«አይደለም፤ ልጅ ልንለምን ነው» አልኩት። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት አለቃውን ጠራ።

የናታሊ አባት ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። «እባካችሁ ተቀመጡ» አለን በደችኛ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ በእኛ ደንብ እንዲህ ነው» አልኩት። ከዚያ በወጉ የዮናስን እናት የእመቤትን ሰላምታ አቅርቤ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን አልኩ።

«ልጄን ወስዷት የለም? አሁን ምኑን ነው የምትጠይቁኝ?»

ታደሰ አንገቱን ደፋ። እኔም አፈርኩ፤ እውነቱን ነዋ። «ዘግይተናል» አልኩት። «አይካድም። ግን እርስዎ ሳይሰጡን ልጃችን ናት ለማለት አፋችን አልደፍር አለ።»

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። እኔም አብሬ አየሁ፤ የእንጨት ሥራው ግሩም ነው፣ እያንዳንዱ ተሸካሚ በእጅ ተጠርቦ።

«ትእዛዙ የደቾቹ ነው» አለኝ። «የጠረቡት ግን የእኛ ሰዎች ናቸው፣ በባርነት። የደች አገረ ገዥ ነጭ ግድግዳ ራሴን ያመኛል ብሎ ነው ከተማው ሁሉ ቀለም የተቀባው ይባላል። እነሱ ምንም ሲሠሩ ጠይቀውን አያውቁም።» ነጠላችንን ትንሽ አየና «ዓርብ ኑ» አለ።

ደስታዬን አልቻልኩትም። ወግ የሚያውቅ አባት መቼም በመጀመሪያው ቀን ልጁን አይሰጥም፤ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው። ማን ነገረው? ታደሰ ግን በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «የኛ በረራ ረቡዕ ነው» አለኝ። እሱ ሥራ አለበት፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ እቆያለሁ።

በሩ ጋ ስንደርስ ሰውየው ከኋላ ተከተለን። ዘበኛው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክረምቱ ሲገባ ታስል ነበር። ተሻላት?» አለኝ። አላውቅም ነበርና ጠይቄ እነግርዎታለሁ አልኩት።

ማታ ወደ ላክ ደወልኩ። እመቤት «ቀጠሮ ሰጡን» ስላት እሰይ አለች። ዮናስ ከኋላ «እምቢ አለ ማለት ነው?» ይላል። ናታሊ ስልኩን ተቀበለቻት። አባትሽ ስለ ሳልሽ ጠየቀኝ፣ ተሻላት ወይ አለኝ አልኳት።

ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ከእመቤት በለቃቀመችው አማርኛ «አልተሻላትም በለው» አለችኝ። «ራሱ መጥቶ ይየኝ።»