የባዩሽ በቆሎ በእትዬ ጥሩዬ ለቅሶ

ባዩሽ ወጥ አትችልም። ጂንካ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መምህር ብቻ ነው። ዕድሜዋን በዞኑ ጽሕፈት ቤት ስትተይብ የኖረች፣ ምላሷ ከጣቷ የፈጠነ ሴት ናት፤ ድስት ግን አይታዘዛትም። ገና በወጣትነቷ ለዕድር የሠራችውን ምስር የወጥ ቤቱ አዛዥ እትዬ ጥሩዬ ቀመሱና፣ «ሟቹስ አረፈ፤ ቀሪውን ለምን ትጨርሺዋለሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ተመደበች። ጸጉሯ ሸበተ፣ ጡረታ ወጣች፤ ከሽንኩርት ግን አልወጣችም።

ዘንድሮ ጎረቤቷ ተፈሪ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጣፋጭ በቆሎ ዘር ሰጣት። በእሸቱ የሚበላ እንጂ የሚደርቅ እንዳልሆነ ነግሯታል። ባዩሽ ግን ሰው የሚላትን እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም፤ የተረፈው ደርቆ ይፈጫል ብላ ጓሮዋን ከአጥር እስከ አጥር ዘራችው። ዝናቡም አላሳፈራት፣ ሁሉም ባንዴ ደረሰ። ቀቀለች፣ ጠበሰች፣ ሆዷ እስኪነፋ በላች። ለማድረቅ የሰቀለችው እንደ አሮጌ ጫማ ተጨማደደ። ለጎረቤት ስትልክ፣ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስምና፣ የራሳቸውን በቆሎ ሞልተው መለሱላት። ካኮ ገበያ ብትወስደው የገበሬው በቆሎ ክምር ሆኖ ጠበቃት፤ ተሸክማ የሄደችውን ተሸክማ ተመለሰች።

በዚህ መሀል እትዬ ጥሩዬ ሞቱ። ባዩሽ ክው አለች። ቀጥሎ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ጓሮዋን አየች። አሁን የሚከለክላት የለም፤ የእሸት ዳቦ ጋግራ ለቀስተኛውን ታበላለች፣ ከሽንኩርቱም ትገላገላለች።

ከቀብር መልስ ስትፈለፍል፣ ስትወቅጥ፣ በኮባ ስትጠቀልል አመሸች። ጣፋጭ በቆሎ ግን ዳቦ የሚያጸና ዱቄት የለውም። በማግስቱ ለቅሶ ቤት፣ ሴቶቹ ሁሉ ቆመው እያዩ ኮባው ሲፈታ ዳቦው ፈሰሰ። የእትዬ ጥሩዬን ቦታ የያዘችው ተዋበች በያዘችው ቢላዋ ወደ ሽንኩርቱ ጆንያ አመለከተቻት።

የሟቿ ባል ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ሚስታቸው ከታመሙ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሱም። ጥርስ የላቸውም፤ ልጆቻቸው ለምነው ታክተዋል። ባዩሽ ያንን የፈሰሰ ነገር በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ድንኳን ገባችና ፊታቸው አስቀመጠችው። እልህ ነበር እንጂ ደግነት አልነበረም። ሽማግሌው አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ቆዩና ደገሙ። ሳህኑን ጠርገው ማን እንደሠራው ጠየቁ። ባዩሽ እኔ ነኝ አለች፣ ለስድቡ ተዘጋጅታ።

«ጥሩዬ ብትኖር ይሄን ድንኳኑ ደጃፍ አታስደርሰውም ነበር» አሉና ሳህኑን ዘረጉላት። «ጨምሪልኝ፣ ልጄ።»

ድንኳኑ ሙሉ ሰማ። ተዋበችም ሳትወድ በግዷ ለሠልስቱ እንድትደግመው ነገረቻት። ባዩሽ ሳህኑን ይዛ ወደ ምድጃው ስትመለስ ደረቷ ተነፍቷል፤ «አዩልኝ?» ልትል እትዬ ጥሩዬ ወጥ ቤቱን ሲያዙ ይቀመጡበት ወደነበረው በርጩማ ዞረች። በርጩማው ላይ ማንም የለም። ትናንት ሲቀበሩ ያልወጣት እንባ አሁን መጣ፤ ምድጃው ሥር ቁጭ ብላ እሪ አለች።

ተዋበች ግራ ገብቷት ትከሻዋን ያዘቻት። ሽማግሌው ጨምሪልኝ እያሉ ምን እንደሚያስለቅሳት ጠየቀቻት።

«ማን ይሰድበኛል ከእንግዲህ?» አለች ባዩሽ።