የትናየትና የድመት አማቾቿ

የትናየት ገዱ ደባርቅ እህል ተራ ውስጥ እህል አበጣሪ ነበረች። ከጃናሞራ በአህያ ተጭኖ የሚመጣው ገብስና ባቄላ ወደ ነጋዴው መጋዘን ከመግባቱ በፊት በሰፌድ አንገዋልላ፣ ገለባውን አራግፋ፣ ጠጠሩን ለቅማ ታስረክባለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ አቧራ ውስጥ ተቀምጣለች። ጠዋት ጥቁር የነበረው ፀጉሯ ማታ ሸብቶ ይወጣል እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እኔ ያን ጊዜ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል እሠራ ነበር፤ የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹን ከራሷና ከወዳጇ ከእትዬ ገበያነሽ የሰማሁት ነው።

እህል ካለ አይጥ አለ፤ ስለዚህ እህል ተራ ውስጥ ድመት የሌለው ሰው አልነበረም። ሌላው ግን ድመቱን የሚያየው እንደ ወጥመድ ነው፤ አይጥ ትያዝለት እንጂ ትብላ አትብላ ጉዳዩ አይደለም። የትናየት እንደዚያ አልነበረችም። አመዴ የምትላት አመድማ ድመት ነበረቻት። አመዴ በወለደች ቁጥር ግልገሎቹን ለመጣ ሁሉ አትሰጥም። መጀመሪያ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። «ምን ታበላታለህ? የት ታስተኛታለህ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ከሰጠችም በኋላ በሳምንቱ ሄዳ ታያታለች። የገበያው ሰው እየሳቀ፣ «የትናየት ልጅ ነው የምትድረው» ይል ነበር። ከእሷ ድመት የወሰዱትም በዚሁ «የድመት አማች» መባባል ጀመሩ።

ከአማቾቿ ሁለቱ ይበልጥ ይቀርቧት ነበር። አንዷ እትዬ ገበያነሽ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው የምስር ነጋዴ፣ ሲጣሩ ድምፃቸው ገበያውን ተሻግሮ የሚሰማ። ሁለተኛው የኔታ ዓለምብርሃን፣ ከከተማው ዳር ባለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። አይጥ የድጓቸውን ጠርዝ ብትበላባቸው፣ ተቃጥለው ድመት ፍለጋ መጡ። የትናየትም ገና ሳትጠይቃቸው አንዷን ግልገል አንሥታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው ወሰዷትና «ምዕራፍ» ብለው ስም አወጡላት።

ሳሉ የጀመራት በ2003 ኅዳር ላይ ነው። አቧራው ነው አለች። ዳማከሴ ጠጣች፣ ጸበል ተጠመቀች። የጥምቀት ማግስት በነጠላዋ ጫፍ ላይ ደም አየች።

አክታዋ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ስድስት ወር የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላት፤ በሁለተኛው ወር ሳሉ ቀለለ፣ ጉንጯ ሞላ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ነገር ተበላሸ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ በባዶ ሆዷ ክኒኑን ስትውጥ ያዞራትና ያስመልሳት ጀመር። «ተሽሎኝ የለም ወይ?» አለችና ተወችው። ለማንም አልተናገረችም። ፋሲካ ሲደርስ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ሐምሌ ላይ ከአልጋዋ እስከ በር መድረስ አቃታት።

ባሏ ደምለው ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ የሚያከራይ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር እንጂ። ወንድሙ በዚሁ በሽታ ሲሞት አይቷል።

«የድመት ፀጉር ነው ሳንባሽን የበላው» አላት አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ። «ሰው ሁሉ ይኼንኑ ነው የሚለው። ወይ ድመቷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ።»

የትናየት አመዴን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ ለእትዬ ገበያነሽ ላከች። ድመቷ ከረጢቱ ውስጥ ስትጮኽ ጆሮዋን ያዘች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ደምለው ስጦታን፣ የስምንት ዓመት ልጃቸውን፣ ይዞ ዳባት እኅቱ ዘንድ አስቀመጣት። እሱም ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወረደ። ሲሄድ «ልጄን አላስበላም» አለ።

ነሐሴ ላይ ጎንደር ሆስፒታል ተላከች። በሽታው መድኃኒቱን የለመደ ነው፤ አዲሱ ሕክምና ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ስምንቱን ወር በየቀኑ መርፌ አለው አሏት። አራት ወር ተኛች። ከሥጋ ዘመዶቿ የጠየቃት የለም። እትዬ ገበያነሽ ምስር ይዘው ጎንደር በወረዱ ቁጥር ይመጡና አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ከመስኮቱ ውጭ ይቆማሉ። የሚያወሩት ስለ በሽታው አይደለም።

«አመዴ መጋዘኔን ወርሳዋለች! ትናንት ሁለት ይዛ መጥታ ጫማዬ ሥር አስቀመጠችልኝ!» ይላሉ፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

አንድ ቀን የትናየት ነርሷን ጠየቀቻት። «እውነት የድመት ፀጉር ነው?»

«ማነው ያለሽ?» አለች ነርሷ። «በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ በሽታ ነው። ድመት ምን አገባት?»

የትናየት ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ድመቷን በከንቱ አውጥታ እንደጣለቻት፣ ባሏም በከንቱ ሰበብ እንደሄደ ነበር የምታስበው። በኋላ ስትነግረኝ፣ «ከመርፌው ሁሉ ያ ቀን ይብስ ነበር» አለችኝ።

ታኅሣሥ ላይ ደባርቅ ስትመለስ የቤት አከራይዋ ቁልፉን ቀይሮ፣ አልጋዋንና ድስቷን አጥር ሥር ቆልሎት አገኘችው። በላዩ ውርጭ ወርዶበት ነበር። እትዬ ገበያነሽ ደርሰው አከራዩን በዚያ ድምፃቸው ልክ ልኩን ነገሩት፤ በሩ ግን አልተከፈተም። እሷን ወደ ራሳቸው ግቢ ወሰዷት፤ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነ አንድ ክፍል ሰጧት። አመዴ በሩ ላይ ነበረች። አየቻትና ዞር ብላ ሄደች። እስክትጠጋት ድረስ ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

መርፌውና ክኒኑ በየቀኑ ጤና ጣቢያ ነው። ከቤቷ እስከዚያ ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለእሷ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። ባጃጅ የሚያሳፍራት አልነበረም፤ ስሟ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ የኔታና እትዬ ገበያነሽ ቀን ተከፋፈሉ። አንድ ቀን እትዬ ገበያነሽ ከገበያ በፊት፣ አንድ ቀን የኔታ ከማኅሌት መልስ ያደርሷታል። የኔታ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። መቋሚያቸውን ለእሷ ይሰጧትና ራሳቸው አጥር እየተደገፉ ይሄዳሉ። በመንገድ ምዕራፍ ስለወለደቻቸው ግልገሎች፣ የትኛው ዓይኑን እንደገለጠ፣ የትኛው የተማሪዎቹን አኩፋዳ እንደቀደደ ይነግሯታል።

እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ሲመጡ አያቸዋለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ካርዷን በሁለት ጣቴ ጫፍ ነበር የምቀበላት። አንድ ቀን የኔታ አዩኝ። ካርዱን ከእጇ ወስደው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የካቲት ላይ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጸናጽል ይጮኽ ጀመር። መርፌው ነው፤ ይህን ሊያደርግ እንደሚችል አስቀድመው ነግረዋት ነበር። ወዲያው አቆሙላት። ግን መጀመሪያ ወፍ ጠፋ፣ ከዚያ የደብሩ ደወል ጠፋ፣ በመጨረሻ የሰው ድምፅ ጠፋ። መጋቢት ላይ እትዬ ገበያነሽ በር ላይ ቆመው ሲጣሯት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ምስር መልቀሟን ቀጠለች። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ጮኹ። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። የዚያ ሁሉ ድምፅ ባለቤት ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትናየት ክኒኑን ተወች። «በቃኝ» አለች። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። እትዬ ገበያነሽ እጇን ቢስቡ አልነሣ አለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የኔታ መጡ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። ጤና ጣቢያው ክኒኑን በእሳቸው እጅ ልኮላት ኖሮ፣ ከነውኃው አቀረቡላት። ራሷን ነቀነቀች።

«የኔታ፣ ምን ያደርግልኛል?» አለች፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ጮኻ ነበር። «ባሌ የለ፣ ልጄ የለች፣ ጆሮዬ የለ። ሞቼ ልረፍ እንጂ! ይሂዱልኝ።»

የኔታ ቢናገሩ እንደማትሰማ ያውቃሉ። ክኒኑን በመዳፋቸው እንደያዙ ወጥተው ደጃፉ ላይ፣ ጠፈጠፉ በሚወርድበት ቦታ ተቀመጡ። ጋቢያቸው ረጠበ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። እትዬ ገበያነሽ ቢጎትቷቸው እጃቸውን አስለቀቁ። ቀትር ሲሆን የትናየት ዞር ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ መዳፋቸው ግን ዝናቡ ክኒኑን እንዳያርሰው ተጨብጧል።

ተነሥታ መጣችና ከእጃቸው ወሰደችው።

«ለርስዎ ስል ነው» አለች። «ለኔ አይደለም።»

እንዲያም ሆነ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የዋጠችው ለእሳቸው ስትል ነው። ደስ ብሏት የዋጠችበት ቀን እንደሌለ ነግራኛለች። ያስመልሳታል፤ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ሌሊቱን በቅዠት ታድራለች፤ ጠዋት መቋሚያው በሩ ላይ ሲታያት ትነሣለች።

የኔታ አንድ ነገር ጨመሩ። ሊነግሯት የሚፈልጉት ብዙ ነበር፤ እሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። የሕፃናት ፊደል ገበታ አመጡና በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ያስተምሯት ጀመር። ሀ ሁ ብለው አልጀመሩም። ድመቷን አንሥተው ጭኗ ላይ አኖሩና «አመዴ» ብለው በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፉላት። ቀጥሎ «ምዕራፍ»። ቀጥሎ የግልገሎቹን ስም ሁሉ። ስማቸውን ስትጨርስ ፊደሉን ግማሹን አውቃው ነበር። የእትዬ ገበያነሽን እጅ ጽሑፍ ግን ማንም ሊያነበው አልቻለም፤ እሳቸው በእጅ ምልክት መነጋገርን መረጡ።

በ2005 ነሐሴ ሕክምናዋን ጨረሰች። ድነሻል ተባለች። ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሰጠኋት፤ በሁለት እጄ። አንብባው አጣጠፈችና፣ «አሁን ልጄን አምጥቼ ልመለስ» አለችኝ።

በማግስቱ ከእትዬ ገበያነሽ ጋር በሚኒባስ ዳባት ወረዱ። የደምለው እኅት፣ ምሥራቅ፣ በሩን ከፈተች። ክፉ አልሆነችም፤ ግቡ አለች። ደምለው መተማ ሌላ ትዳር መሥርቶ ልጅ መውለዱን ለእትዬ ገበያነሽ ነገረች። እትዬ ገበያነሽም ለየትናየት በእጃቸው የሕፃን እቅፍ አሳይተው፣ ወደ ቆላው ጠቆሙ። የትናየት ገባት።

ስጦታ ከጓዳ ወጣች። ዐሥር ዓመት ሞልቷታል፤ ቁመቷ የአባቷ ነው። እናቷ እጇን ስትዘረጋ የአክስቷን ቀሚስ ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የትናየት ከንፈር ማንበብ ባትችልም፣ አክስቷን «እማዬ» እንዳለቻት አወቀች።

«እኔ አልሰማም፣ ልጄ» አለቻት። «ጻፊልኝ። አነባለሁ።»

ልጅቷ አክስቷን አየች። ከዚያ ደብተሯን አምጥታ ቆማ ጻፈችና፣ ገጹን ቀድዳ እንዳትነካት ከሩቅ ዘረጋችላት። የትናየት በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅ እያወጣች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው።

«አ… ት… ው… ሰ… ጂ… ኝ።»

እትዬ ገበያነሽ እስከ ዛሬ ሲያወሩት፣ «ባታነብ ምን ነበረበት! የኔታ ባያስተምሯት ምን ነበረበት!» ይላሉ። የትናየት ግን አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረች፤ ለልጅቷ ያመጣችላትን ሹራብ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ምሥራቅን «ስላሳደግሽልኝ እግዜር ይስጥሽ» ብላ ወጣች። መኪናው ውስጥ እስከ ደባርቅ ድረስ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሣችም።

የኔታ በ2007 በሁዳዴ ዐረፉ። ተማሪዎቻቸው ምዕራፍን ለየትናየት አመጡላት፤ ድመቷ አርጅታ ጥርሷ አልቆ ነበር። አሁን የትናየት እትዬ ገበያነሽ ግቢ ውስጥ ከአቧራ ርቃ ምስር ትለቅማለች። ስጦታ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዘመን መለወጫ፣ ከአክስቷ ጋር ትመጣለች። ግማሽ ቀን ትቀመጣለች፤ ከድመቶቹ ጋር ትጫወታለች፤ ከእናቷ ጋር ግን ብዙ አትጻጻፍም።

ባለፈው ዓመት ምስር ልገዛ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። በወረቀት ላይ፣ «ደኅና ነሽ?» ብዬ ጻፍሁላት።

አነበበችው። ጠጠር ለቅማ ወደ ጎን አኖረችና፣

«ሳንባዬ ደኅና ነው» አለችኝ፤ ሰፌዱንም ወደ ፀሐዩ አዞረችው።