ደረቁ ፓምፕና የእኔ መጠይቅ

ዘንድሮም በለስ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው የከተማችን ገበያ ወጥቶ አይቼው አለፍኩ። ከባለቤቴ ከኪሮስ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር በለስ መብላት ነበር። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አባርቷል። እሱ በረንዳው ላይ እሾህ በማይፈሩት ጣቶቹ እየላጠ ያቀብለኛል፤ እኔ በአንድ እጄ እየበላሁ በሌላው የተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ አርማለሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ሃያ ገጽ ሙሉ ስለ አንድ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ።

«ከዚያስ? ተሠራ?» አለኝ።

«ኤጭ! አንተ ደግሞ። ጥናት እኮ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ። ያቺ «ኤጭ» እስከ ዛሬ ታበግነኛለች። ምን ማለቱ እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

የውሃ ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከኲሓ ከተማ አለፍ ብሎ ወዳለ መንደር ለጥናት ወጣሁ። ግንቦት ነበር፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል። የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ከቆመ ሦስት ወር ሆኖት፣ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ከሩቅ ወንዝ ይቀዱ ነበር። እኔ መጠይቄን ይዤ አደይ ለተ ከሚባሉ እናት ፊት ተቀመጥኩ።

«በውሃ አገልግሎቱ ምን ያህል ይረካሉ? በጣም፣ በመጠኑ ወይስ በዝቅተኛ ደረጃ?»

«ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ውሃ የለም እያልኩሽ! በምኑ ልርካ?»

«ዝቅተኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እውነቴን ነው፣ አደረግኩ።

የዩኒቨርሲቲውን መኪና ይዞልኝ የመጣው የወርክሾፕ ሠራተኛ፣ በኋላ ባሌ የሆነው ኪሮስ፣ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር።

«አንቺ፣ መሐንዲስ ነሽ አሉ። ለምን አትከፍቺውም?»

«መክፈት አልተማርንም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሩ ነበር? ምልክት ማድረግ?»

ሴቶቹ ሳቁብኝ። ተናድጄ መፍቻውን ከእጁ ነጠቅኩት፤ ወደየት እንደሚዞር እንኳ አላውቅም ነበር። እያሳየኝ ፈታነው። ያለቀው አንድ የጎማ ማሸጊያ ነበር፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቆርጦ ተካው። አደይ ለተ እጀታውን ሲጫኑ መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ መጣ። ሦስት ወር የተጠበቀው ሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ይህን ጽፌ ሳቀርብ አማካሪዬ ሰረዘው። «ጥገና የቴክኒሻን ሥራ ነው፤ ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ አወጣሁት፤ ኤ አገኘሁ። ይባስ ብሎ መምህር ሆንኩና እኔም የሌላውን ስሰርዝ ኖርኩ። ፓምፕ ፊት እጁን አጣምሮ የሚቆም ስንት ልጅ ጋውን አልብሼ ሸኘሁ! ዩኒቨርሲቲ ሰውን የሚያዘጋጀው ችግርን እንዲገልጽ ብቻ ከሆነ፣ መንደሩ ገላጭ አላጣም። አደይ ለተ ከእኔ አሳምረው ይገልጹት ነበር።

ይህን ለኪሮስ ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ መንደሮቹ እወጣለሁ። ፓምፑን በገዛ እጃቸው ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። ውሃ ሳይወጣ ውጤት አልሰጥም።